ልጅ የለኝም ያልኩ ዕለት

መምህርቷ መጀመሪያ ወደ ሱቄ የመጣችው የጫማዋ ታኮ መንገድ ላይ ተነቅሎባት ነው። ታኮውን በእጇ ይዛ፣ አንድ እግሯን አንጠልጥላ፣ የመድኃኒት ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«በአንድ እግር ኑሮ እንዴት ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ ስታየኝ፣ ከዚያ ዝቅ ብላ የተቀመጥኩበትን ወንበር ስታይ፣ ፊቷ ቀላ። ሳቄን ስታይ ግን እሷም ሳቀች።

ሱቅ ካልነው ነው እንጂ፣ የእኔ ሱቅ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሃል የቀረች ክፍተት ናት። የእኔ ተሽከርካሪ ወንበር ከገባ በኋላ የሚተርፈው ለአንድ ደንበኛ የሚሆን ዱካ ብቻ ነው። መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ ማስቲሹ፣ ክሩ ሁሉ እጄ በሚደርስበት ከፍታ ተሰቅሏል። ሰፈሩ «ጋሽ ወስፌ» ይለኛል። ወስፌ ቆዳ የምበሳበት መሣሪያ ነው፤ ስሙን ያወጡልኝ ግን ከመሣሪያዬ ይልቅ ለምላሴ ነው ይላሉ። ቤታችን ሌላ ሰፈር ስለሆነ፣ እውነተኛ ስሜን የሚያውቁት ሚስቴ፣ ልጄና መታወቂያዬ ናቸው።

እግሮቼ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ አይታዘዙኝም። የልጅነት ልምሻ ነው። ውጭ በወንበሩ እሄዳለሁ። ቤት ውስጥ ግን ወንበሩ በበሩ ስለማያልፍ ወለሉ ላይ በእጆቼ እየተገፋሁ ነው የምንቀሳቀሰው። መዳፌና የጫማ ሶል ቢወራረዱ ማን እንደሚያሸንፍ እንጃ።

መምህርቷ ታኮዋን እየመታሁ ሳለ ስታየኝ ቆየችና፣ «ጋሽ ወስፌ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?» አለች።

«ከታኮው የባሰ ነው?»

«እዚህ መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ለልጆቹ ስለ አካል ጉዳተኞች የማስተምረው ክፍለ ጊዜ አለ። መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ ገጽና አንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። እኔ የሚናገር ሰው ፈለግኩ።»

«ፈገግ የማይል?»

«እንዳሻዎት ይሁኑ። ብቻ ይምጡልኝ።»

ወደድኳት። ነገር ግን እዚያ ትምህርት ቤት ልጄም ትማር ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። አንድ ልጄ ናት። «ልጄም እኮ እናንተው ጋ ናት» የሚለው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት ያኔም አውቅ ነበር።

አንደኛ ክፍል የተመዘገበች ቀን ሚስቴን «አንቺ ውሰጃት፣ እኔ ሥራ አለብኝ» ብያታለሁ። የነበረብኝ ሥራ የሁለት ጥንድ ጫማ ማሰሪያ መቀየር ነበር። ልጄን ሰው በእኔ በኩል እንዲያያት አልፈለግኩም። ከዚያ ወዲህ የወላጅ ስብሰባ፣ የካርድ ቀን፣ የስፖርት ቀን፣ ሁሉንም እናቷ ነች የሄደችው። ልጅቷም አንድ ቀን «አባዬ፣ ለምን አትመጣም?» ብላኝ አታውቅም። ስላልጠየቀችኝ እንደ ውለታ ቆጥሬላት ነበር።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ሚስቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት።

«ለልጅቷ ንገራት» አለችኝ።

«አራተኛ ክፍል ነው እኮ፤ እሷ ያለችበት ሕንፃ እንኳ አይደለም።»

«ንገራት አልኩህ።»

«እሺ» አልኩ። ሳልነግራት ቀኑ ደረሰ።

የዚያን ዕለት ሚስቴ የተኮሰችልኝን ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ። መምህርቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ግን ጥሩ አልነበረም።

«ጋሽ ወስፌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ወደዱት። በጣም ወደዱት። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ያለው ሁሉ አዳራሽ ይግባ ብለው አዘዙ።»

«ስድስተኛም?»

«ሁሉም።»

እዚያው ወንበሬን አዙሬ መመለስ እችል ነበር። ሥራ ትዝ አለኝ፣ ሆዴን አመመኝ፣ የሚባል ነገር አይጠፋም። ግን ዳይሬክተሩ እጁን ዘርግቶ እየመጣ ነበር፤ ሸሚዜም ነጭ ነበር፤ ደግሞ ልደብቀው አልችልም፣ ለሃያ ዓመት ጫማቸውን ብቻ ሳይ ለኖርኩ ሰው መቶ ስልሳ ፊት ሊያዳምጠኝ መቀመጡ አጓጓኝ።

አዳራሹ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው አሥራ አራት ነው።

«ችግር የለም፣ እንሸከማቸዋለን!» አለ ዳይሬክተሩ። ሁለት ዘበኞች ጠራ፤ እሱም ኮቱን አውልቆ ከኋላ ያዘ። ቤት ሲቀየር ሶፋ እንደሚወጣው ነው ያወጡኝ። «ወደ ግራ! ቀስ! ግድግዳውን እንዳትነካው! አንተ፣ ከታች ያዝ እንጂ!» ልጆቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ያዩናል። ሰባተኛው ደረጃ ላይ አንዱ ዘበኛ አዳለጠውና ወንበሩ ሲያዘነብል ሸሚዜ ከሱሪዬ ወጣ፤ ሆዴ ታየ። አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ደረጃው በሙሉ ሳቀ። መምህርቷ ስትቆጣ ሳቁ በአፍንጫ ሆነ። ያኔ ለራሴ፣ ትምህርቱ እዚሁ አለቀ፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ማጣፈጫ ነው አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ በትልልቅ ፊደል መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሏል። ዳይሬክተሩ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ድምፅ ማጉያውን ያዘና፣ «ውድ ተማሪዎች! አካል ጉዳተኛ ማለት ሸክም ማለት አይደለም!» አለ። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም ነበር።

ልጄን በዓይኔ ፈለግኳት። እሷ ቀድማ አይታኛለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ጉንጫም ከሆነች ጓደኛዋ ጋር ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ተቀምጠዋል። ዓይናችን ተገናኘ። ተናደደች ብዬ ነበር፤ የተናደደ ፊት ግን አልነበረም። የሚለምን ፊት ነው። ጭንቅላቷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀች።

ተናገርኩ። ሥራዬን እንዴት እንደተማርኩ ነገርኳቸው። ከሰው ጋር ስሆን እኔን ትቶ አብሮኝ ያለውን «ምን ይፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዴት እንደሚያበሽቅ ነገርኳቸው። «ወንበሬ እግሬ ነው፤ ሳትጠይቁ አትግፉት። እኔ የአንተን እግር ድንገት ይዤ ብጎትተው ደስ ይልሃል?» አልኩት የፊተኛው ረድፍ ላይ ያለውን። ሳቁ፤ ይኼኛው ሳቅ ጥሩ ነበር። ወስፌዬን አውጥቼ የአንዱን ልጅ የተቀደደ ጫማ እዚያው ሰፋሁለት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ልጄ እዚያ መኖሯን ለአፍታ ረስቼ ነበር።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። አንዱ ሽንት ቤት እንዴት እንደምሄድ ጠየቀ፤ ዳይሬክተሩ «ሥርዓት!» ብሎ ጮኸ፤ እኔ ግን «እንደ አንተው፣ ተቀምጬ» አልኩት። ሌላዋ ያምዎታል ወይ አለች። በመጨረሻ ያቺ ጉንጫም የልጄ ጓደኛ ተነሣች። ልጄ ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ስትጎትት አየሁ።

«ጋሼ፣ ልጅ አለዎት?»

ልጄ ጭንቅላቷን አቀርቅራ የተቀመጠችበትን አግዳሚ ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

«የለኝም» አልኩ።

«አይዞዎት፣ ይስጥዎት» አለችኝ ጉንጫሟ፣ እንደ ትልቅ ሰው። አዳራሹ በሙሉ አዘነልኝና አጨበጨበ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ እጄን እንዲጨብጡ አዘዘ፤ «አካል ጉዳተኛን መንካት መፍራት የለብንም!» አለ። ተሰለፉ። አንዳንዱ ጣቴን ብቻ ነካ አድርጎ ሄደ፣ አንዳንዱ ጨብጦኝ ሲያበቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሦስተኛው ረድፍ ደረሰ። ልጄ መጣች። ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ፤ ያቺን እጅ ከሺህ እጅ እለያታለሁ። እንደ ውኃ ቀዝቅዛ ነበር።

«እናመሰግናለን፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ጎበዝ፣ በርቺ» አልኳት።

ከኋላዋ ያለው ልጅ እጁን ዘረጋ።

ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ሱቅ ቆየሁ። ቤት ስገባ ልጄ ሳልጠይቃት ውኃ ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ሚስቴ «እንዴት ነበር?» አለች። «ጥሩ ነበር» አልኩ። ልጄም ከደብተሯ ቀና ሳትል «እኛንም አስገቡን፤ ጥሩ ነበር» አለች። ሚስቴ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። የደም እድፍ ይሁን የመድኃኒት፣ ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግታ ስታይ የምትለይ ሴት ናት። ሳህኑን አነሣች።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መምህርቷ እየሮጠች መጣች። ጫማዋ ደህና ነበር። እኔ አፌ ውስጥ ምስማር ይዤ ሶል እመታለሁ።

«ጋሽ ወስፌ፣ ልጆቹን ስለዚያ ቀን አጽፈናቸው ነበር። አንደኛ የወጣውን ላንብብልዎት?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ዱካው ላይ ተቀምጣ አነበበች።

«ከዚያ ቀን በፊት አካል ጉዳተኛ ሰው በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ፈራኋቸው። እጃቸውን ስጨብጥ ግን ሻካራና ሞቃት ነበር። የሠራ ሰው እጅ ነው። ሰዎች እግራቸውን ብቻ ስለሚያዩ እጃቸውን አያዩትም። እኚህ ሰው ልጅ የላቸውም። ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ በጣም ይኮራባቸው ነበር...»

እዚህ ላይ መምህርቷ ማንበቧን አቆመች። «ይቅርታ» ብላ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ እንኳ እንዲህ አልጽፍም። ይዩት፣ ጽሕፈቷን ይዩት እስቲ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ከላይ በቀኝ በኩል የልጄ ስም አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የእኔ ስም። ክብ ክብ በሆነው ፊደሏ፣ ሳይሰረዝ፣ ሳይደለዝ። መምህርቷ ጋሽ ወስፌን እንጂ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው አታውቅም። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣኋቸው።

«የማን ልጅ ናት?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ እስካሁን አላውቅም።

«እናቷን አውቃታለሁ፤ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ጨዋ ሴት ናት። አባቷ ሹፌር ነው መሰለኝ። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ አይተነው አናውቅም።» ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ «የወላጆች ቀን ሽልማቷን እርስዎ ቢሰጡልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለች።

«ሥራ አለብኝ።»

«ግማሽ ቀን እኮ ነው።»

«ደረጃውን ስታስተካክሉት እመጣለሁ።»

«የትኛውን ደረጃ?» አለችኝ። የምሯን ነው። ጥሩ ልጅ ናት፣ ለእኔ አልቅሳለች፤ ደረጃውን ግን ረስታዋለች። ግልባጩን ትታልኝ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቴ ተረኛ ነበረች። ልጄ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ሒሳብ ትሠራለች። ከመኝታ ክፍል በእጆቼ እየተገፋሁ መጣሁና ወረቀቱን ደብተሯ ላይ አኖርኩት። እርሳሷን አስቀመጠች። አላነሣችውም፤ ምን እንደሆነ አውቃለች።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አልኳት።

«ጻፉ ስላሉን ነው።»

«አባትሽ ሹፌር ነው አሉኝ።»

የምንጣፉን ክር መምዘዝ ጀመረች።

«ምን ዓይነት መኪና ነው የምነዳው?»

«አባዬ፣ ተው በናትህ።»

«ልወቀው እንጂ፤ ድንገት ቢጠይቁኝስ?»

«ባለ ተሳቢ» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ትልቅ መኪና ነው። አልጎዳሽኝም።»

እንድትስቅ ነበር የፈለግኩት። ተነሥታ ተቀመጠችና ፊት ለፊት አየችኝ። ዓይኖቿ የእናቷ ናቸው።

«አንተ ነህ የለኝም ያልከው» አለችኝ። «እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንተ ነህ ያልከው።»

«ጭንቅላትሽን ነቀነቅሽልኝ እኮ።»

«ዝም በል ማለቴ ነበር። ካደኝ ማለቴ ነው እንዴ?»

ሰፈር ምላሴን ፈርቶ ስም ያወጣልኝ ሰውዬ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት አፌን ዘጋሁ።

«ከዚያ በኋላ እረፍት ሰዓት ላይ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ?» አለች። «መሸከም ተጫወቱ። ሁለቱ አንዱን ይሸከሙታል፣ 'ወደ ግራ! ቀስ!' ይላሉ። ሆዱን ያሳያል። ሁሉም ተጫወቱ፣ ሴቶቹም። ከዚያ አንዱ 'ቆይ፣ ወንበሩ የሌለ ጊዜስ እንዴት ነው የሚሄደው?' አለ። መሬት ላይ እየተቀመጡ ሞከሩ።»

«እሺ።»

«እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። እኔን ማየት ጀመሩ። ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ።» እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገባቻቸው። «እኔም ተቀመጥኩ። አደረግኩት።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እንደ አንተ።»

ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ልጄ አሁን እያለቀሰች ነው፤ ግን ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የቤት ሥራ እንደምታነብ ነው የምትናገረው።

«ከሁላችንም አንቺ ትበልጫለሽ አሉኝ። ቁርጥ እሱን አሉኝ። አሁን በየቀኑ 'እስቲ አሳዪን' ይሉኛል።»

«ታሳያቸዋለሽ?»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አዎ ማለቷ ነበር።

እንዴት አትበልጣቸው? መዳህ የተማረችው እኮ ከእኔ ጎን ነው። ስምንት ወር ሲሆናት እንደ ሌላ ሕፃን በጉልበቷ አልዳኸችም፤ እኔን እያየች፣ መጀመሪያ ግራ ትከሻዋን ወደፊት ጥላ፣ ከዚያ ሁለቱን መዳፎቿን ተክላ፣ ቂጧን አንሥታ ወደፊት ትወረወር ነበር። ጎረቤት የሚመጣው ሁሉ ሲስቅ እኔ በኩራት ልፈነዳ እደርስ ነበር። ሁለታችን ከግድግዳ ግድግዳ እንሽቀዳደማለን፤ ሁልጊዜ አሸንፋታለሁ እያልኩ ሁልጊዜ ታሸንፈኝ ነበር። እርምጃ የጀመረች ቀን ሚስቴ እልል አለች። እኔ ከወለሉ ላይ ቀና ብዬ አየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብዬ ነው የማያት።

ልቆጣት ፈለግኩ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ሥራ አለብኝ ብዬ ትምህርት ቤቷን ለስድስት ዓመት ስሸሽ ምን ስታስብ ነበር? የሚያኮራ አባት አይደበቅም። ይህን ትምህርት ከእኔ ነው የተማረችው፤ መምህርቷ በአንድ ክፍለ ጊዜ ልታስተካክለው ነበር የመጣችው።

«ልንገራቸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አባቴ ነው ልበላቸው? የሽልማቱ ቀን፣ ሁሉም ሰው ባለበት።»

ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። አንድ ቃል ነው። ዓይኖቿ አፌ ላይ ነበሩ፤ አፌ የሚለውን ልታደርግ ተዘጋጅታ ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን ያን አዳራሽ አሰብኩት። ዳይሬክተሩ ደስታውን አይችለውም፤ አባትና ልጅ እያለ እያቀፈ ፎቶ ያስነሣናል። ከዚያ እረፍት ሰዓት ይመጣል። ከዚያ እሷ ብቻዋን ናት፤ እኔ ሱቄ ነኝ።

«እንደፈለግሽ» አልኳት።

ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ በሆዷ ተኛችና እርሳሷን አነሣች። ወረቀቱን አጥፋ ሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። እኔም ወደ መጣሁበት ተመለስኩ። ስሄድ እንዳታየኝ ፈልጌ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ በገዛ ቤቴ፣ የገዛ ልጄ።

የወላጆች ቀን ሚስቴ ደህና ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ልጅሽ ትሸለማለች ብለዋት ነው እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፤ እኔም አልነገርኳትም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከነቀሚሷ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጥታ ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ይዛለች።

«አነበበችው» አለች። «ልጅ የላቸውም ስትል ሰማሁ። ለቅጽበት ስለ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ቀደም ብላ ያለችው፣ ሻካራው እጅ ትዝ አለኝ።»

መዶሻውን አስቀመጥኩ።

«ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ» አለች። «አጠገቤ ያለችው ሴት እያለቀሰች 'የታደልሽ፣ ምን ዓይነት ልብ ያላት ልጅ ነው የወለድሽ' አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄን የት ላድርገው?» ወደ እኔ ዞረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«እዚያው ተነሥተሽ ለምን አልነገርሻቸውም?»

በዚህ መሃል አንዲት ሴት የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶባት መጣች። ሚስቴ ተነሥታ ዱካውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችና፣ «ተቀመጪ እህቴ፣ እሱ አሁን ይሠራልሻል» ብላ ወደ ቤት ሄደች።

እናትና ልጅ የዚያን ቀን ከሰዓት ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩምም። ስገባ ልጄ ልብስ ታጥፋለች፣ እናቷ ወጥ ቤት ናት። ሽልማቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ትልቅ፣ ከባድ፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ። መጽሐፍ ነው መሰለኝ። ልጄ አልከፈተችውም። እናቷ አልከፈተችውም። እኔም ለእኔ የተሰጠ አይደለም ብዬ ተውኩት።

ይኸው ዓመት አለፈው፤ ራት የምንበላው እሱን ወደ ጎን ገፋ አድርገን ነው።